የኩላሊት ካንሰር ሕሙማን፣ ቤተሰቦችና ሐኪሞች ለምርምር ያሰሙት ድምፅና ያስገኘው ፍሬ

የኩላሊት ካንሰር ሕክምና ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ከፍተኛ ለውጥ አሳይቷል። ለዚህ ለውጥ የሳይንቲስቶችና የመድኃኒት አምራቾች ድርሻ ጎልቶ ቢነገርም፣ ሕሙማን፣ ቤተሰቦቻቸውና ሐኪሞቻቸው ያደረጉት ያላሰለሰ ጥረትም የማይናቅ ቦታ አለው። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ደማቸውን ለምርመራ የሰጡ፣ በሕግ አውጪዎች ፊት ቀርበው ያስረዱ፣ የመንግሥት ተቋማትን ውሳኔ የሞገቱና የምርምር ገንዘብ በሚመደብባቸው ኮሚቴዎች ከሳይንቲስቶች ጎን የተቀመጡ ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ የጥረቱን አጀማመር፣ ያስገኘውን ውጤትና የገጠመውን ፈተና ይዳስሳል።

በድብቅ የሚያድግ በሽታ

የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ከ430 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ የኩላሊት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። በዚያው ዓመት ከ155 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸው አልፏል።

ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ለበሽታው ከሚያጋልጡ ምክንያቶች ዋነኞቹ ናቸው። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ በጎን በኩል የሚሰማ የማያቋርጥ ሕመምና በሆድ አካባቢ የሚዳሰስ እብጠት ከምልክቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ሆኖም በሽታው ለረዥም ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። በዚህም የተነሳ በርካታ ሕሙማን በሽታው እንዳለባቸው የሚያውቁት በሌላ ምክንያት የአልትራሳውንድ ወይም የሲቲ ስካን ምርመራ ሲያደርጉ ነው።

ካንሰሩ ከኩላሊት ሳይወጣ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ ግን ነገሩ ይለያል። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዓይነት ሌሎች ካንሰሮችን ለማከም የሚያገለግለውን የተለመደ ኬሞቴራፒ እምብዛም አይበገርለትም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢንተርሉኪን-2 የተባለ መድኃኒት ዘላቂ ፈውስ ያስገኘው ለጥቂት ሕሙማን ብቻ ነበር። መድኃኒቱ የሚያስከትለው የጎንዮሽ ጉዳትም ከባድ በመሆኑ ሁሉም ሕሙማን ሊወስዱት አይችሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ከ10 የሚበልጡ ዓመታት ለተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ሌላ አዲስ መድኃኒት በዚያች አገር አልተፈቀደም።

ማኅበራት የተመሠረቱበት ወቅት

ሕሙማን ተደራጅተው መንቀሳቀስ የጀመሩት አማራጭ እምብዛም ባልነበረበት በዚሁ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዩጂን ሾንፌልድ የሚገኙበት አነስተኛ የሕሙማን ቡድን በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ከሐኪሞች ጋር በመተባበር የኩላሊት ካንሰር ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩ ለሕሙማን መረጃ ማድረስን፣ ለምርምር ድጋፍ መስጠትንና የሕሙማንን ጉዳይ ለመንግሥት ማቅረብን ዓላማው አድርጎ ተንቀሳቅሷል።

ሐኪሞች ከመጀመሪያው አንስቶ የእንቅስቃሴው አካል መሆናቸው የራሱ ምክንያት ነበረው። ሕመምተኛው የበሽታውን ክብደት በራሱ ሕይወት ያውቀዋል። ሐኪሙ ደግሞ የትኛው ጥያቄ በምርምር ሊመለስ እንደሚችል ያውቃል። ሁለቱ በአንድነት ሲቀርቡ ልመና የነበረው ጉዳይ በማስረጃ የተደገፈ ጥያቄ ይሆናል።

ከቤተሰብ ደም እስከ ኖቤል ሽልማት

የቤተሰቦች ተሳትፎ ምን ያህል ርቀት ሊያስኬድ እንደሚችል ከሚያሳዩ ታሪኮች ዋነኛው ቮን ሂፔል-ሊንዳው ከተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ጋር የተያያዘው ነው። ሕመሙ ስያሜውን ያገኘው ከጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኦይገን ፎን ሂፔልና ከስዊድናዊው የሥነ ደዌ ተመራማሪ አርቪድ ሊንዳው ነው። በዚህ ሕመም የተጠቃ ሰው በዓይኑ፣ በአንጎሉ፣ በአከርካሪው፣ በጣፊያው ወይም በኩላሊቱ ላይ ዕጢዎች ሊበቅሉበት ይችላሉ። ከወላጆቹ አንዱ ሕመሙ ያለበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በመሆኑም በአንዳንድ ቤተሰቦች አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በተመሳሳይ በሽታ ሲሰቃዩ ይታያል።

በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ማርስተን ሊነሃንና በርተን ዝባርን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች የሕመሙን መንስኤ ለማግኘት ወደ እነዚሁ ቤተሰቦች ተመለከቱ። የቤተሰቡ አባላት፣ ታማሚውም ጤነኛውም፣ የደም ናሙና ሰጡ። ተመራማሪዎቹም የታመሙትን ካልታመሙት በማነጻጸር ለችግሩ መንስኤ የሆነውን ዘረ-መል በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 ለማግኘት በቁ። በዚያው ዓመት በሕመሙ የተጠቁ ቤተሰቦች በአሜሪካ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ሕሙማንና ሐኪሞች ሊረዱት የሚችሉት መመሪያ መጽሐፍ ከማዘጋጀቱም በላይ ለተመራማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል።

የግኝቱ ፋይዳ በጥቂት ቤተሰቦች ተወስኖ አልቀረም። ይኸው ዘረ-መል በዘር ባልተላለፈውና በስፋት በሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዓይነትም በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ተበላሽቶ መገኘቱ ተረጋገጠ። ዘረ-መሉ በጤነኛ ህዋስ ውስጥ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ህዋሱ በቂ ኦክስጅን በሚያገኝበት ጊዜ ሂፍ የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ለይቶ እንዲወገድ ያደርጋል። ዘረ-መሉ ሲበላሽ ግን ሂፍ ይከማቻል። ህዋሱም ኦክስጅን ባያጥረው እንኳ እንዳጠረው ቆጥሮ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ዕጢው ምግቡን የሚያገኘው በእነዚህ የደም ሥሮች ነው።

ህዋሳት የኦክስጅንን መጠን የሚያውቁበትን ይህን ሥርዓት የገለጡት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ከሦስቱ አንዱ የሆኑት ዊልያም ኬሊን ወደዚህ ግኝት ያደረሳቸውን ጥናት የጀመሩት ከቮን ሂፔል-ሊንዳው ሕመም ተነስተው ነው።

ዕውቀቱም ወደ መድኃኒትነት ተለውጧል። የደም ሥሮችን እድገት የሚገቱት ሶራፌኒብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005፣ ሱኒቲኒብ ደግሞ በጥር 2006 በአሜሪካ ተፈቀዱ። ከዚያም ቤልዙቲፋን የተባለው መድኃኒት በዳላስ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ከተካሄደ ምርምር ተነስቶ ተሠራ። መድኃኒቱ ሂፍ-2 የተባለውን ፕሮቲን በቀጥታ የሚያግድ ነው። በዘር የሚተላለፈው ሕመም ባለባቸው 61 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ከተሳታፊዎቹ 49 በመቶ በሚሆኑት ላይ የኩላሊት ዕጢው በጉልህ መቀነሱ ተረጋግጧል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ለእነዚሁ ሕሙማን፣ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ሌሎች ሕክምናዎችን ወስደው ላልተሻላቸው የተሰራጨ ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ተፈቅዷል።

ዘረ-መሉ ከተገኘበት ጊዜ አንስቶ መድኃኒቱ እስከተፈቀደበት ድረስ 28 ዓመታት አልፈዋል። ደማቸውን ከሰጡት ሰዎች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ለራሳቸው እንደማያገኙት እያወቁ ለልጆቻቸውና ለማያውቋቸው ሰዎች ሲሉ እንደተባበሩ መገንዘብ አያዳግትም።

በብሪታንያ የተካሄደው ሙግት

መድኃኒት መገኘቱ ብቻውን ለሕመምተኛው ዋስትና እንደማይሆን በብሪታንያ የተከሰተው ሁኔታ ያመለክታል። በእንግሊዝና በዌልስ በመንግሥት ወጪ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ጥቅምና ዋጋ የሚመዝነው ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔውን ይፋ አደረገ። በዚህም ሱኒቲኒብን ጨምሮ አራት የኩላሊት ካንሰር መድኃኒቶች ከሚጠይቁት ወጪ አንጻር በብሔራዊ የጤና አገልግሎት እንዳይሰጡ ሐሳብ አቀረበ። ተቋሙ መድኃኒቶቹ ዕድሜ እንደሚያራዝሙ አልካደም። ክርክሩ የተነሳው ውስን የሕዝብ ገንዘብ ለማን ይዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር።

ውሳኔው በሕሙማንና በቤተሰቦቻቸው ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ አስነሳ። የካንሰር ስፔሻሊስት ሐኪሞችም ተቃውሟቸውን በጋዜጣ በወጣ የጋራ ደብዳቤ ገለጹ። በወቅቱ ድምፃቸውን ካሰሙት መካከል ታዋቂው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰው ጄምስ ዌል ይገኙበታል። ጄምስ ዌል እ.ኤ.አ. በ2000 የኩላሊት ካንሰር ተገኝቶባቸው አንድ ኩላሊታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሲሆን፣ በ2006 በስማቸው የሚጠራ የኩላሊት ካንሰር መርጃ ድርጅት አቋቁመው ነበር።

ናይስ በ2009 መጀመሪያ ላይ የዕድሜ ማብቂያቸው ለተቃረበ ሕሙማን የሚሰጡ ሕክምናዎች የሚመዘኑበትን መስፈርት አሻሻለ። በመጋቢት ወርም ሱኒቲኒብ ለተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ እንዲሰጥ ፈቀደ። በሌሎቹ ሦስት መድኃኒቶች ላይ ግን አቋሙን አልለወጠም። ውጤቱ ግማሽ ድል ቢሆንም ሁለት ቁም ነገሮችን ያስጨብጣል። አንደኛው የተደራጀ ድምፅ ውሳኔን ሊያስለውጥ መቻሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ድምፁ በማስረጃ ያልተደገፈበት ቦታ ላይ ብዙ ርቀት የማይሄድ መሆኑ ነው። ካንሰሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ዳግም ያገረሸባቸው ጄምስ ዌል በ2025 በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በምርምር ገንዘብ ላይ የተሰጠ ድምፅ

በአሜሪካ ደግሞ የሕሙማንና የሐኪሞች ጥያቄ ወደ ኮንግረስ አመራ። ኮንግረሱ የጡት ካንሰር ሕሙማን ባደረጉት ግፊት በመነሳሳት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በመከላከያ በጀት ሥር ለተወሰኑ በሽታዎች ምርምር ገንዘብ ሲመድብ ቆይቷል። ለኩላሊት ካንሰር የተለየ መርሐ ግብር የተቋቋመው በ2017 ሲሆን፣ የመጀመሪያው በጀት 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሕሙማን፣ ቤተሰቦችና ሐኪሞች በየዓመቱ ወደ ዋሽንግተን እየተጓዙ ለእንደራሴዎቻቸው ማስረዳታቸውን በመቀጠላቸው በጀቱ በ2021 ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር አድጓል።

የበሽታው ጉዳይ ከመከላከያ በጀት ጋር የተያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ካምፕ ለጁን የተባለ የባሕር ኃይል ሠፈር የመጠጥ ውኃው ከ1953 እስከ 1987 ድረስ ትራይክሎሮኤቲሊንን በመሳሰሉ ኬሚካሎች ተበክሎ ነበር። ትራይክሎሮኤቲሊን የኩላሊት ካንሰር እንደሚያስከትል በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የተረጋገጠ ኬሚካል ነው። በሠፈሩ የኖሩ ወታደሮችና ቤተሰቦች ለዓመታት ባካሄዱት ትግል እ.ኤ.አ. በ2012 የሕክምና ድጋፍ የሚያስገኝ ሕግ ወጥቶላቸዋል። በ2017 ደግሞ የኩላሊት ካንሰር የቀድሞ ወታደሮች ከዚያ አገልግሎት ጋር ተያይዞ ካሳ ከሚያገኙባቸው በሽታዎች ተርታ ገብቷል።

የዚህ መርሐ ግብር ልዩ ገጽታ ሕሙማን ከገንዘብ ጠያቂነት አልፈው ገንዘቡ የት እንደሚውል በመምከር መሳተፋቸው ነው። ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት የጥናት ሐሳብ በሚገመገምበት ጉባኤ ላይ በበሽታው ያለፉ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ሙሉ ድምፅ ይዘው ይቀመጣሉ። ሳይንቲስቱ ጥናቱ በሳይንስ መመዘኛ ትክክል መሆኑን ሲመረምር፣ ሕመምተኛው ጥናቱ ለታመመ ሰው የሚኖረውን ጥቅም ይመዝናል።

ይሁን እንጂ በማስረዳት የተገኘ ገንዘብ ማስረዳቱ ካልቀጠለ ወይም የበጀት ሁኔታ ከተለወጠ ሊታጣ እንደሚችል ታይቷል። በ2025 የበጀት ዓመት የእነዚህ የመከላከያ የሕክምና ምርምር መርሐ ግብሮች ጠቅላላ በጀት በ57 በመቶ ተቀንሶ 650 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ለኩላሊት ካንሰር በተለይ የተመደበ ገንዘብ አልነበረም። የምርምር ሥራ በአንድ ዓመት ተጀምሮ በአንድ ዓመት የሚጠናቀቅ ባለመሆኑ እንዲህ ያለው መቋረጥ ወጣት ተመራማሪዎችን ወደ ሌላ ዘርፍ እንዲያመሩ ከማድረጉም በላይ ሙከራ በመጠባበቅ ላይ ያሉ ሕሙማንን ተስፋ ይነካል።

በቁጥር አነስተኛ የሆኑ ሕሙማን ጉዳይ

የሕሙማን ድምፅ ይበልጥ የሚያስፈልገው በሽታው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ በሚከሰትበት ጊዜ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ችሎ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው የኩላሊት ሜዱላ ካንሰር ነው። ይህ ካንሰር በአብዛኛው የሚያጠቃው የሲክል ሴል ዘረ-መልን ከአንድ ወላጃቸው የወረሱ፣ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ወጣቶችን ነው። የሚሰራጨው በፍጥነት ከመሆኑ የተነሳ አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም ሲቀርቡ በሽታው ከኩላሊት አልፎ ይገኛል።

የሕሙማኑ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ለመድኃኒት ኩባንያዎች የሚያጓጓ ገበያ የለም፤ አንድ ሆስፒታል ብቻውን በቂ ሕሙማን አግኝቶ ጥናት ለማካሄድም ይቸገራል። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሱት ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን በበሽታው ያጡ ቤተሰቦች ናቸው። እነርሱ ባቋቋሟቸው ማኅበራት አማካኝነት ሕሙማን በሽታውን ጠንቅቀው ወደሚያውቁ ሐኪሞች እንዲደርሱና ለምርምር የሚሆኑ ናሙናዎች እንዲሰበሰቡ ጥረት ይደረጋል።

በአገሮች መካከል ያለውን ትብብር ለማጠናከር ደግሞ የልዩ ልዩ አገሮች የሕሙማን ማኅበራት የተካተቱበት ዓለም አቀፍ የኩላሊት ካንሰር ጥምረት ተመሥርቷል። ጥምረቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ወር የዓለም የኩላሊት ካንሰር ቀንን ያስከብራል። በ2018 ባካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሕሙማን መጠይቅም ከ40 በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙ 2 ሺህ ያህል ሕሙማንና ተንከባካቢዎች ምላሽ ሰጥተዋል። ከተገኙት ውጤቶች አንዱ በርካታ ሕሙማን የያዛቸውን የኩላሊት ካንሰር ዓይነት እንኳ በምርመራው ወቅት በውል አለመረዳታቸው ነው። ሕክምናው እንደ ካንሰሩ ዓይነት የሚለያይ በመሆኑ ይህ ክፍተት ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

የሕሙማን እንቅስቃሴ ከትችት ነጻ አይደለም። በርካታ የሕሙማን ማኅበራት ከመድኃኒት ኩባንያዎች የገንዘብ ድጋፍ የሚቀበሉ በመሆናቸው የማኅበራቱ ድምፅ የሕሙማኑ ነው ወይስ የሻጩ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ስለሆነም የገቢ ምንጭን በይፋ ማሳወቅና የሕሙማንን ጥቅም ከኩባንያ ጥቅም መለየት ለተአማኒነታቸው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ድምፁ ጎልቶ የሚሰማ በሽታ ገንዘብ ሲያገኝ፣ ተናጋሪ የሌለው በሽታ እንዳይረሳ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለአገራችን የሚኖረው ትምህርት

በኢትዮጵያም ሐዘናቸውን ወደ አገልግሎት የለወጡ ቤተሰቦች አሉ። ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ያረፈባቸው አቶ ወንዱ በቀለና ቤተሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ሕሙማንን በመርዳትና ስለ ካንሰር ግንዛቤ በማስጨበጥ ይታወቃል። ሶሳይቲው የትምባሆ ቁጥጥር እንዲጠናከር ድምፃቸውን ካሰሙት ድርጅቶች አንዱ ሲሆን፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የቤት ውስጥ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ሲጋራ ለኩላሊት ካንሰር ከሚያጋልጡ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ እርምጃው ለዚህ በሽታም መከላከያ ነው።

በሕፃናት ላይ የሚታየውና የዊልምስ ዕጢ በመባል የሚታወቀው የኩላሊት ካንሰርም ትኩረት ይሻል። ይህ ካንሰር በበለጸጉት አገሮች ከ10 ሕፃናት ዘጠኙ ያህል የሚድኑበት ነው። ለዚህ የተበቃው እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ወላጆች ልጆቻቸው በተከታታይ ጥናቶች እንዲሳተፉ በመፍቀዳቸውና ሐኪሞች ውጤቱን በጋራ በመመዝገባቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ይፋ ባደረገው የሕፃናት ካንሰር መርሐ ግብር ትኩረት ከተሰጣቸው ስድስት ካንሰሮች አንዱም ይኸው ነው። የመርሐ ግብሩ ግብ እ.ኤ.አ. በ2030 በዓለም ዙሪያ ካንሰር ካለባቸው ሕፃናት ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲድኑ ማድረግ ነው። በልጅ ሆድ ላይ ያልተለመደ እብጠት ያየ ወላጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄዱ ለዚህ ግብ መሳካት የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል።

በአጠቃላይ ሲታይ ምርምር በቤተ ሙከራ ብቻ የሚከናወን ሥራ አይደለም። የደም ናሙናውን የሚሰጠው፣ ለሙከራው ፈቃደኛ የሚሆነውና የተጓደለውን በጀት የሚጠይቀው ሕመምተኛውና ቤተሰቡ ነው። የኩላሊት ካንሰር ሕሙማን ታሪክ እንደሚያስገነዝበው፣ የዛሬው ታማሚ ለነገው መድኃኒት ባለድርሻ ነው። ሐኪሞች ይህን ድርሻ ተገንዝበው ሕሙማንን በምርምር ሥራ እንዲያሳትፉ፣ ቤተሰቦችም በዝምታ ከመጎዳት ይልቅ ተደራጅተው እንዲጠይቁ የሚያበረታታ ተሞክሮ ነው።